ከየቲሙ እስከ ምጣዱ

በነሐሴ ወር 2013 ዓ.ም. አንዲት ሴት ምጣድ ልትዋስ ደሴ ከሚገኘው ቤታችን በር ላይ ቆመች። ጊዜው ጦርነቱ ከራያ ቆቦና ከወልዲያ ያፈናቀለው ሕዝብ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ የጎረፈበት፣ ለክረምት የተዘጉ ትምህርት ቤቶች የሰው ማደሪያ የሆኑበት ነበር። ሴትየዋም የመጣችው ከሰፈራችን አቅራቢያ ካለ አንድ ትምህርት ቤት ነው። የእርዳታ ዱቄት ተሰፍሮላታል፤ የምትጋግርበት ግን የላትም።

«ወንድም ዓለም፣ ምጣድ ብታውሱኝ... ለልጆቹ ሁለት ሦስት ጋግሬ ዛሬውኑ እመልሳለሁ» አለችኝ።

እናቴ ቤት አልነበረችም። የሸክላ ምጣዷ ግን የማድ ቤቱን ግድግዳ ተደግፎ ከቆምኩበት ይታየኛል። ሴትየዋን አላውቃትም፤ ነገ ወዴት እንደምትሄድ እሷም አታውቅ፤ ምጣድ ደግሞ ሲሸከሙት የሚሰበር ዕቃ ነው። ይህን ሁሉ ባንድ አፍታ አወጣሁ አወረድኩና «ተሰብሯል» አልኳት።

«ውይ! አላህ ይተካላችሁ» ብላ መርቃኝ ሄደች።

እነሆ ዓመታት አልፈዋል። በዚያ ወቅት በወሎ ላይ ከወረደው መከራ አንጻር ሲታይ የእኔዋ ውሸት ከቁጥር የምትገባ አይደለችም። ሰው ሞቷል፤ ቤት ፈርሷል፤ ሆስፒታል ሳይቀር ተዘርፏል። በዚህ ሁሉ መካከል ስለ አንድ የሸክላ ምጣድ ማውራት ቅንጦት አይሆንም ወይ? እያልኩ ራሴን ስጠይቅ ቆይቻለሁ። ነገሩን እንደገና እንዳስብበት ያደረገችኝ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማት የኖርኩ አንዲት አጭር የቁርኣን ምዕራፍ ናት።

* * *

አስቀድሜ ለአንባቢ ልናገር። ይህ ጸሐፊ ሸህ አይደለም፤ ከሸህ እግር ሥር ተቀምጦ ተፍሲር አልቀራም። እንደ ብዙው የወሎ ሰው የአያቶቼ ግማሹ ሰጋጅ፣ ግማሹ ቆራቢ ነበሩ። ስለዚህ የምጽፈው እንደ መምህር ሳይሆን፣ ነገሩ እንደነካው አንድ አንባቢ ነው።

ምዕራፏ ከቁርኣን 114 ምዕራፎች 107ኛዋ ናት፤ ሱረቱል ማዑን ትባላለች። ሰባት አጫጭር አንቀጾች ብቻ ናት። በቁርኣን ቤት ሕፃናት መጀመሪያ በቃላቸው ከሚይዟቸው አጫጭር ሱራዎች አንዷ ስለሆነች፣ በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ያደገ የሙስሊም ልጅ የማያውቃት አይኖርም ማለት ይቻላል። ክርስቲያኑም ቢሆን ቃሉን ባይለይ እንኳ ከአጥር ወዲያ ከሚቀሩት ልጆች ድምፅ ዜማዋን ለምዶታል።

ምዕራፏ በጥያቄ ትጀምራለች። የፍርድን ቀን ሐሰት ነው የሚለውን ሰው አይተኸው እንደሆነ ትጠይቃለች። ይህን የሰማ ሰው ቀጥሎ የሚመጣው ስለ ጣዖት አምላኪ፣ ስለ ከሃዲ፣ በአደባባይ ፈጣሪውን ስለሚሳደብ ሰው ነው ብሎ መጠበቁ አይቀርም። የሚመጣው ግን ሌላ ነው። ያ ሰው የቲሙን ገፍትሮ የሚያባርር፣ ሚስኪኑ እንዲበላ ሌላውን የማያነሳሳ ሰው ነው ትላለች። ክህደቱ የሚታወቀው ከአፉ አይደለም፤ ከእጁ ነው። አንድ ሰው በፍርድ ቀን ማመን አለማመኑን ማወቅ ከፈለግህ፣ መልስ ሊሰጠውና ሊከሰው ከማይችል ሰው ፊት ምን እንደሚያደርግ ተመልከት እንደ ማለት ነው። የቲም ደግሞ የሚከራከርለት የሌለው ሰው ነው። ነቢዩ ሙሐመድ ራሳቸው አባታቸው ሳይወለዱ የሞቱባቸው፣ እናታቸውንም ገና በስድስት ዓመታቸው ያጡ የቲም እንደነበሩ ስናስታውስ፣ ቃሉ ከየት ቦታ እንደሚነሳ ይገባናል።

ቀጥሎ ምዕራፏ በድንገት ትታጠፋለች። ፊቷን ከከሃዲው ወደ ሰጋጁ ታዞርና ወዮላቸው ትላለች። በዚህ ቃል ላይ ንባቡን ያቆመ ሰው ትርጉሙን ገልብጦ መሄዱ ነው፤ ስለዚህም ግማሽ ንባብ ምን ያህል እንደሚያሳስት ለማሳየት ሰዎች ይህንኑ ቦታ ምሳሌ ያደርጉታል። ወዮታው ለሰጋጅ ሁሉ አይደለም፤ ከስግደታቸው ለዘነጉ፣ ይዩልኝ ለሚሉ፣ በመጨረሻም «ማዑን» የተባለውን ነገር ለሚከለክሉ ነው። የጥንት ሙፈሲሮች እዚህ ላይ አንዲት ጥቃቅን ቃል አስተውለዋል። ምዕራፏ ያለችው «ከ» ስግደታቸው የዘነጉ ነው እንጂ «በ» ስግደታቸው ውስጥ የዘነጉ አይደለም። በስግደት መካከል ሐሳቡ የማይበተንበት ሰው የለምና፣ ቃሉ በዚህ አኳኋን በመምጣቱ ከቀደምቶቹ መካከል ፈጣሪን ያመሰገኑ እንዳሉ ይነገራል። ወቀሳው ሐሳቡ ለበረረበት ሰው ሳይሆን ስግደቱ ምን እንደሚጠይቀው ለረሳ ሰው ነው።

ሌላም የምታስደንቅ ነገር አለች። ምዕራፏ የምትከፈትበት «አየህን» የሚለው ቃልና ኋላ የሚመጣው «ይዩልኝ» የሚለው ቃል በዐረብኛው ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። በአማርኛችንም እንዲሁ። እንግዲህ ምዕራፏ በአንድ በኩል እኛን ተመልከቱ ትላለች፤ በሌላ በኩል ደግሞ ለመታየት የሚጨነቁትን ታሳየናለች። ለመታየት የሚጥር ሰው ሌላውን ለማየት ጊዜ የለውም፤ ዓይኑ ያለው ከሚያዩት ሰዎች ላይ ነውና በሩ ላይ የቆመውን የቲም አያይም።

የምዕራፏ የመጨረሻ ቃል፣ ስሟም የሆነው፣ «ማዑን» ነው። በ1961 ዓ.ም. የታተመው የቁርኣን የአማርኛ ትርጉም ይህን ቃል «የዕቃ ትውስት» ብሎ አስቀምጦታል። ጥንት በቃሉ ላይ ሁለት ዓይነት አተረጓጎም ነበር። ከነቢዩ ባልደረቦች አንዱ የሆኑት ኢብን መስዑድ ማዑን ማለት ሰዎች እርስ በርስ የሚዋዋሱት መጥረቢያ፣ ድስት፣ ባልዲና ይህን የመሳሰለው ነው ብለዋል። ከዓሊ የተላለፈው ደግሞ ዘካ ነው፤ ማለትም ባለሀብት ከገንዘቡ ለድኻ እንዲያወጣ የታዘዘው ግዴታ። ኋላ የመጡት ዒክሪማ ሁለቱን አስታረቋቸው፤ የማዑን ራሱ ዘካ ነው፣ ታችኛው ጫፉ ደግሞ ወንፊት፣ ባልዲና መርፌ ነው ብለው።

መርፌ! እስቲ አንባቢ ያስብበት። ከፍርድ ቀን የጀመረ ቃል ወደ መርፌ ወረደ። የቲምን ከመገፍተርና ድኻን ከማስራብ ጋር በአንድ ሰንሰለት የወንፊት ትውስትን መከልከል ተያዘ። ትንሽ ነገር እንዲህ ከትልቅ ነገር ጎን የተቀመጠችው ምን ብታደርግ ነው?

* * *

ጥያቄው ለወሎ ሰው እንግዳ መሆን የለበትም። ወሎ የኪታብ አገር ነው። የጃማ ንጉሥና የዳና ሸሆች ከ18ኛውና ከ19ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ያቆሟቸው የትምህርት ማዕከሎች ከሩቅ አገር ደረሳ ይስቡ ነበር፤ ይህንም የታሪክ ምሁሩ ሁሴን አሕመድ በወሎ እስልምና ላይ በጻፉት መጽሐፍ በሰፊው ተርከውታል። ደረሳው ደግሞ እንደ ቆሎ ተማሪው ሁሉ ከአካባቢው ሰው በሚያገኘው ጉርሻ ነበር የሚማረው። ተፍሲሩ የሚቀራው በጎረቤት እንጀራ ነው እንደ ማለት ነው።

የትውስቱም ነገር እንዲሁ ነበር። በልጅነታችን ደሴ ውስጥ የአንድ ሰፈር ሰው ሁሉ የየራሱ ሙሉ ዕቃ አልነበረውም። ሙቀጫው የአንዱ ቤት ነው፤ ወንፊቱ የሌላው፤ መጥረቢያው የሦስተኛው። ማለዳ እሳት የጠፋባት ሴት ገል ይዛ ጎረቤት ትሄዳለች። ለሰው እሳት የጫረ ሰው እሳቱ አይጎድልበትም። ኮምቦልቻ በርካታ የፋብሪካ ሠራተኛ በአንድ ግቢ ተከራይቶ በሚኖርበት ሰፈር የከሰል ምድጃውና የልብስ ማጠቢያው ሳፋ ከክፍል ወደ ክፍል ሲዞር ይውላል። ሌላው አገር «እድር» የሚለውን ወሎ «ቅሬ» ይለዋል። ቅሬ እኮ ማለት ትውስት ማኅበር ሆኖ ሲቋቋም ነው። ድንኳኑ፣ ድስቱ፣ አግዳሚው ሁሉ የማንም አይደለም፤ ሐዘን የገባበት ቤት ሁሉ ነው። ሟቹ በየትኛው መቃብር እንደሚያርፍ ድስቱ አይጠይቅም።

በደሴ የንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሽ ስም «አይጠየፍ» ነው። ሙሐመድ ዓሊ ተብለው ተወልደው፣ ከ1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ክርስትና ተነስተው ሚካኤል የተባሉት ሰው ያሠሩት ይህ አዳራሽ፣ ማንንም ሳይጠየፍ ያበላል በሚል ስም ተሰየመ። መልካም ስም ነው፤ እኛም የደሴ ልጆች እንኮራበታለን። ነገር ግን ግብርና ትውስት አንድ አይደሉም። ግብር የሚበላው በአደባባይ ነው፤ አብይው ይታያል፣ ይመሰገናል፣ ይዘፈንለታል። ወንፊት ያዋሰች ሴት ግን ማን ይዘፍንላታል?

ለኔ እንደሚመስለኝ ምዕራፏ ይዩልኝ ባዩንና ትውስት ከልካዩን አጎራብታ ያስቀመጠቻቸው ለዚህ ነው። ትውስት ተመልካች የሌለው በጎ ነገር ነው። ሰደቃን በአደባባይ መስጠት ይቻላል። በዘመናችንማ ለአንድ ድኻ አንድ ሊትር ዘይት ሲሰጥ ከዘይቱ ይልቅ የሚያነሱት ስልኮች ይበዛሉ። መርፌ ሲያውስ ፎቶ የሚነሳ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። ስለዚህ አንድ ሰው ይዩልኝ ሳይል ምን እንደሚያደርግ የሚፈተንበት ቦታ ካለ፣ ያ ቦታ ማንም የማያይበት የገዛ ቤቱ በር ነው።

* * *

እዚህ ላይ አንድ ኮምቦልቻ የሚሠራ ወዳጄ ያቀረበልኝን ክርክር ልደብቅ አልፈልግም። ቡና ስንጠጣ ይህን ሁሉ ዘርዝሬ ነግሬው እንዳበቃሁ ፈገግ አለና፣ «አንተ ሰው፣ የወሎን መከራ በምጣድ ልትፈታው ነው?» አለኝ። «ድርቁን ተወው፤ ረሃብን የሚያመጣው አስተዳደር ነው፣ ጦርነት ነው። ስለ ትንሽ ደግነት ብዙ ባወራን ቁጥር ትልቁን ጥፋት ያጠፋው ሰው እፎይ ይላል።»

ክርክሩ ቀላል አይደለም። ወሎ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረሃብ የወሎ ገበሬ በአዲስ አበባና በአስመራ አውራ ጎዳና ዳር ተሰልፎ አውቶቡስና መኪና እያስቆመ ይለምን ነበር። ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ስለ ድህነትና ስለ ረሃብ በሚያወራው መጽሐፍ ይህን የወሎ ረሃብ መርምሮ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ጽፏል። በረሃቡ ወቅት በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ከወትሮው ያን ያህል አልናረም ነበር። እህል ከነጭራሹ ከጠፋ ዋጋው ሰማይ መድረስ ነበረበት። ያልናረው የወሎ ገበሬ ምርቱ ጠፍቶ፣ ከብቱ አልቆ፣ መግዣ አጥቶ ስለነበር ነው። እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ አገር የሚጫን እህል እንደነበር ተዘግቧል። በሌላ አነጋገር እህሉ በመንገዱ ያልፋል፤ ሰውየው በመንገዱ ዳር ይሞታል። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ያለቀው እንዲህ ነው።

ታዲያ የወዳጄ ክርክር እዚህ ላይ ምዕራፏን ያሸንፋታል? እኔ አይመስለኝም። ምክንያቱም ቀደም ሲል በፍጥነት ያለፍናት አንዲት ቃል አለች። ምዕራፏ ሚስኪኑን «የማያበላ» አላለችም፤ እንዲበላ «የማያነሳሳ» ነው ያለችው። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። ማብላት ያለው ሰው ሥራ ነው፤ የሌለው ምንም አይወቀስም። ማነሳሳት ግን ያለውም የሌለውም ሥራ ነው። አፍ ያለው ሁሉ ይችለዋል። መጮህ፣ መጻፍ፣ ሹሙን መጠየቅ፣ እህል ያለበትን ጎተራ በጣት ማሳየት ማነሳሳት ነው። በ1965 ዓ.ም. የጎደለው ይኸው ነበር። እህል ነበረ፤ መንገድ ነበረ፤ መኪና ነበረ፤ ያጣነው የሚያነሳሳ ሰው ነው። ሹማምንቱ ነገሩን ሸሸጉ። የማነሳሳቱን ሥራ ከጀመሩት መካከል ወሎ ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው የመጡ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎቻቸው ነበሩ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ታየና ዓለም ሰማ። ያው ፊልም ከቤተ መንግሥቱ ግብር ጋር ተቀጣጥሎ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ለኢትዮጵያ ሕዝብ ታየ፤ በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ። ማነሳሳት ይህን ያህል ጉልበት አለው።

እንግዲህ ምዕራፏ ወዳጄ የሚፈልገውን ትልቁን ጉዳይ አልዘነጋችውም። በቁርኣኑ ቅደም ተከተል ከእሷ በፊት ያለችው 106ኛዋ ምዕራፍ ቁረይሾችን ከረሃብ ያበላቸውን ከፍርሃትም ያሳረፋቸውን ጌታ እንዲያመልኩ የምታሳስብ መሆኗም ያጋጣሚ ነገር አይመስለኝም። ራሱ ከረሃብ የዳነ ሕዝብ የሌላውን ረሃብ ዝም ብሎ ቢያይ ምን ይባላል? ነው ነገሩ። ክርስቲያኑም አንባቢ ይህን ከራሱ መጽሐፍ ያውቀዋል፤ በኢሳይያስ 58ኛው ምዕራፍ ስለ ጾም የተነገረው፣ በማቴዎስ 25ኛው ምዕራፍ ስለ መጨረሻው ፍርድ የተነገረው ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ነገር ግን ወዳጄ ያልተመለከተው ሁለት ነገር ያለ ይመስለኛል።

አንደኛው ይህ ነው። ያቺ ሴት ዱቄቱ ተሰጥቷታል። ከየት እንደመጣ እንጃ፤ ምናልባት ከባሕር ማዶ በመርከብ፣ ከወደቡ በከባድ መኪና፣ ከኮምቦልቻ መጋዘን ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ደርሶ ይሆናል። በዚያ ረጅም መንገድ ስንት መንግሥት፣ ስንት ድርጅት፣ ስንት ሹፌርና ወዛደር ደክሞበታል! ነገር ግን ዱቄት እንጀራ አይደለም። ያ ሁሉ ድካም መጥቶ መጥቶ የቆመው እኔ ደጃፍ ላይ ነው። የቀረው አንድ ምጣድ ብቻ ነበር። ማዑን ማለት ዘካ ነው ወይስ ድስት? እያሉ የተለያዩት የጥንት ሊቃውንት ሁለቱም ትክክል እንደነበሩ የገባኝ ይህን ሳስብ ነው። ትልቁ እርዳታ ያለ ትንሿ ትውስት አይበላም፤ ትንሿም ትውስት ያለ ትልቁ እርዳታ ባዶ ምጣድ ናት። ሰንሰለቱ አንድ ነው፤ ከየትኛውም ቀለበት ላይ ቢበጠስ የሚራበው ያው ልጅ ነው።

ሁለተኛው የሚያሳፍረኝ ነው። የዚያን ጊዜ ሹማምንት «ረሃብ የለም» ሲሉ፣ እኔ ደግሞ «ምጣዱ ተሰብሯል» ስል፣ ጥፋቶቻችን በመጠን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። በዘር ግን ዘመዳሞች ናቸው። ሁለታችንም የቆመውን ሰው አይተን የለም ብለናል። ሁለታችንም እምቢ ለማለት እንኳ ድፍረት አጥተን በውሸት በር ዘግተናል። ለመሆኑ በገዛ ደጁ ላይ «ተሰብሯል» የሚል ሰው ነገ ሹሙን «እህሉ የት ገባ?» ብሎ ለመጠየቅ ምን ድምፅ ይኖረዋል? ዛሬ ሹማምንቱን የምንወቅሰው እኛ ወንበሩን ብናገኘው ከመርፌው በቀር የሚለወጥ ነገር ይኖር ይሆን? ትንሿ ትውስት የትልቁ ፍትሕ ምትክ አይደለችም፤ በዚህ ከወዳጄ ጋር እስማማለሁ። ግን የትልቁ ፍትሕ መለማመጃ ናት።

«እሺ፤ ታዲያ ለመጣው ሁሉ ማዋስ ይቻላል? የወሰደው ባይመልስስ? ንብረቱ የኔ አይደለም እንዴ?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ሐቅ አለው። ምጣዱ የእናቴ ነው፤ የሴትየዋ አይደለም። በሕግ የሚከሰኝ የለም። ምዕራፏም ዕቃህን ሁሉ በትን አላለችም። በዐረብኛው የተሠራበት ግሥ የአንድ ቀን እምቢታን ሳይሆን ደጋግሞ መከልከልን፣ ልማድን የሚያመለክት ነው። በዚህ ልጽናና ሞክሬ ነበር። ነገር ግን ልማድ ሁሉ ከአንድ ቀን ነው የሚጀምረው። ደግሞም ዛሬ ባዲሶቹ ፎቆች እየኖርን፣ የደጃፋችንን ብረት ቆልፈን፣ ከጎረቤት የምንዋሰው ነገር ሳይኖር ስንቀር፣ ማንም የማይለምነን ሆንን ማለት ማንንም የማንከለክል ሆንን ማለት ነውን? ወይስ ቀድሞ «የለም» ለማለት ቃል ያስፈልገን የነበረውን አሁን በሩ ራሱ ይልልናል?

* * *

ታሪኬን ልጨርስ። ያን ማታ ለእናቴ አልነገርኳትም። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ የሕወሓት ተዋጊዎች ደሴንና ኮምቦልቻን ሲይዙ እኛም እንደ ብዙው ሰው ሐረጎን ወርደን ወደ ደቡብ ሸሸን። ከተሞቹ በኅዳር መጨረሻ በመንግሥት ጦር እጅ ተመልሰው እኛም ስንመለስ ቤታችን ተዘርፎ ቆየን። ቴሌቪዥኑ የለም፤ ፍራሹ የለም፤ ድስትና ብርድ ልብስ እንኳ አልቀረም። እናቴ ማድ ቤት ገባችና፣ «ተመስገን! ምጣዴ ተርፏል!» ስትል ሰማሁ። የሸክላ ምጣድ ማን ይሰርቃል? ግድግዳውን እንደተደገፈ ነበር።

ያን ጊዜ ነገርኳት። ሴትየዋ ያለችውን፣ እኔ ያልኩትን፣ ምርቃቷን ሳይቀር።

ትቆጣኛለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም። ብዙ ዝም ካለች በኋላ፣ «ልጄ፣ ምጣድ እኮ አይበላም» አለችኝ። ሌላ ምንም አልጨመረችም።

ቆይቶ ነው የገባኝ። እንጀራ ሲሰጡት ያልቃል፤ ገንዘብም ያልቃል፤ ስለዚህ እነሱን የሚሰስት ሰው ቢያንስ ምክንያት አለው። ምጣድ፣ ወንፊት፣ ባልዲ፣ መርፌ ግን ሰው ሲጠቀምባቸው አያልቁም። የተመለሰ ምጣድ ያው ምጣድ ነው። እነሱን የሚከለክል ሰው የሚያተርፈው ነገር የለም፤ የሚያስቀረው የሌላውን ሰው እራት ብቻ ነው። የቲሙን የሚገፈትረውም ሰው በመገፍተሩ የሚያገኘው ጥቅም የለም። ለካ ምዕራፏ የጀመረችበትና የጨረሰችበት ነገር ያን ያህል የተራራቀ አልነበረም።

ወደ ትምህርት ቤቱ ሄጄ ነበር። ተፈናቃዮቹ ጦርነቱ ሲደርስ በየአቅጣጫው ተበትነው ክፍሎቹ ባዶ ነበሩ። ግቢው ውስጥ በሦስት ድንጋይ የተጎለቱ ጥቁር ምድጃዎች ብዙ ቦታ ላይ ይታያሉ። ሴትየዋ በየትኛው ላይ ጋግራ እንደሆነ፣ በማን ምጣድ፣ ወይስ ሳትጋግር ቀርታ እንደሆነ የምጠይቀው ሰው አላገኘሁም።

ምጣዱ እስካሁን አልተሰበረም። እናቴ ማድ ቤት አለ። የሚዋሰው ሰው ከመጣ እኔ ነኝ ተሸክሜ የማደርስለት።